ከመርከብ የወረደው ሐብል

አምለሰት በሰው ቤት ያደገች ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ቤይሩት ሄደው ድምፃቸው ሲጠፋ፣ ኮልፌ የሚኖሩት አክስቷ ከራሳቸው ልጆች ጋር ደርበው አሳደጓት። ማንም ክፉ አልሠራባትም። ነገር ግን በሰው ቤት ያደገ ልጅ ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር አለ። ወጥ ሲጨለፍ ሳህኑን ቀድሞ አያቀርብም፤ ትንሽ ቢያመው አልጋ ላይ አይውልም። ጎረቤቱ ሁሉ "የማታስቸግር ልጅ" እያለ ያመሰግናት ነበር። በላብራቶሪ ሙያ ተመርቃ አንድ የግል ክሊኒክ ከተቀጠረች በኋላም ያው ነበረች። የበዓል ተረኛ ሲመደብ መጀመሪያ የሚጻፈው የእሷ ስም ነው፤ እሷም ምንም አትልም።

እትዬ ማንተግቦሽ የመረጧት በዚሁ ጠባይዋ ነው። እትዬ ማንተግቦሽ ሜልበርን ከገቡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን በሞት ያጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶችን የጸሎት ቡድን የሚመሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ካርልተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ኖሩ፤ ቀን አሮጊቶች እየጦሩ፣ ማታ ቢሮ እያጸዱ አንድ ሴት ልጃቸውን ሀሴትን ነርስ አደረጉ። ታናሽ ወንድማቸውን መክብብን ከአዲስ አበባ አስመጥተው ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። መክብብ የሚያገባበት ጊዜ ሲደርስ አገር ቤት ሄዱና፣ በአንድ እሑድ ከመዘምራኑ መካከል አምለሰትን አዩ፤ ጠየቁ፣ አስጠየቁ፤ በመጨረሻ "ይቺ ትሑት ናት" አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ደግነቱ ሁለቱ ሲተያዩ ተዋደዱ።

አምለሰት ሜልበርን የገባችው በትዳር ቪዛ ነው። ቪዛው ጊዜያዊ ነው፤ ቋሚው እስኪሰጣት ድረስ ፋይሏ ገና ይታያል። ከባሏ ጋር ፖይንት ኩክ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። መክብብ ከተማ መሀል አይቲ ይሠራል። እሷ ማለዳ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ፋብሪካ ትገባለች፣ ከሰዓት ለእንግሊዝኛ ፈተናዋ ታጠናለች። ቅዳሜ ግን ሁለቱም ዌስት ፉትስክሬይ ያለው እትዬ ቤት ናቸው። እዚያ የጓዳው ሥራ የአምለሰት ነው፤ ማንም አላዘዛትም፤ ከበሩ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ እጇ ራሱ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ፣ በአውስትራሊያ የበጋ ወር ነው። እትዬ ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው ሀሴት የክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር፣ ጉዞ በስጦታ ሰጠቻቸው። መርከቡ ከፖርት ሜልበርን ተነሥቶ ኑሜያንና በዙሪያዋ ያሉትን ደሴቶች አዳርሶ ይመለሳል። ሀሴት ራሷ ከፋሲካ በኋላ ሠርጓ ስለ ነበር ፈቃዷን መጨረስ አልፈለገችም። እናቷን አደራ ብላ አጎቷንና ሚስቱን አብራ ላከች። አምለሰት በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲያጥወለውላት ከረመች፤ ከዚያ ለመደችው፤ ከዚያ ወደደችው።

የመርከቡ ሱቅ አንድ ጠባይ አለው። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ይዘጋል፤ ባሕር ላይ ሲወጣ ይከፈታል። ያኔ ሰው ይጎርፋል፤ ሽቶ፣ ውስኪ፣ ሰዓት፣ ወርቅ። ከደጁ በላይ፣ ከቀረጥ ነፃ ለማለት፣ "ዱቲ ፍሪ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። እትዬ መጠጥና ሲጋራ ያለበትን ጥግ ፊታቸውን አዙረው ነው የሚያልፉት። ወርቁ ጋ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ሦስት ቀን ቆመው አዩ። በአራተኛው ቀን አንድ ሐብል አስወጡ፤ ወፈር ያለ፣ መሀሉ ላይ ቅጠል የሚመስል ወርቅ የተንጠለጠለበት።

"ለሀሴት ነው" አሉ ለአምለሰት። "ልጄ ባዶ አንገቷን አታገባም።"

አምለሰት የእትዬን ዐይን አየች። እንባ አቅርሮ ነበር። በዚህ ደስታ ውስጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም፤ ቦርሳቸውን ይዛ አብራቸው ወጣች።

ሜልበርን ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ተሳፋሪው ሁሉ መርከቡ ውስጥ ወዳለው ትልቅ አዳራሽ ተጠራ። አንድ ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስለ አወራረዱ ሊያስረዳ መድረክ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ስለ ምግብ ተናገረ። ፍራፍሬ ይዞ መውረድ አይቻልም፤ ከደሴቶቹ የተገዛ ዛጎልና የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ያለው ያሳውቅ። ከዚያ ወደ ቀረጡ ገባ። አዋቂ የሆነ ሰው ይህን ያህል ሊትር መጠጥ ይፈቀድለታል። ሲጋራ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ተቀንሶ ሃያ አምስት ፍሬና አንድ የተከፈተ ፓኬት ብቻ ሆኗል። ሌላው ዕቃ ሁሉ፣ ልብሱም፣ ካሜራውም፣ ጌጣጌጡም ተደምሮ ለአንድ አዋቂ ከዘጠኝ መቶ ዶላር ማለፍ የለበትም።

"ከዚሁ ከመርከቡ ሱቅ የገዛችሁትም ይቆጠራል" አለ ሰውየው። "ከገደቡ ካለፈ ቀረጡ የሚታሰበው በሙሉው ላይ ነው እንጂ በትርፉ ላይ ብቻ አይደለም። ካሳወቃችሁ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ሸሽጋችሁ ከተገኘባችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው።"

እትዬ ወደ መክብብ ዘወር አሉ።

"ዱቲ ፍሪ ብለው ለጥፈው አይደል እንዴ የሸጡልኝ?"

"ነፃ የሚሆነው እዚህ ስትገዢው ነው፣ እትዬ። አገር ስታስገቢው የአገሩ ሕግ አለ።"

እትዬ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሐብሉ ከተፈቀደው እጥፍ በላይ እንደሚያወጣ ሦስቱም ያውቁ ነበር። አምለሰት ዝምታቸውን አልወደደችውም። እትዬ የተቆጡ ጊዜ ይናገራሉ። ዝም ያሉ ጊዜ ወስነዋል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ካቢናቸው አስጠሯት። ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐብሉ ጭናቸው ላይ ነው።

"ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ። አንገትሽን ስጪኝ።"

አምለሰት ጎንበስ አለችላቸው። ወርቁ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ቀዘቀዛት። እትዬ ከኋላዋ ቆልፈው፣ ትከሻዋን ይዘው ወደ መስተዋቱ አዞሯት።

"ያምርብሻል። ነገ ይህን አድርገሽ ትወርጃለሽ።"

"እትዬ..."

"አንገት ላይ ያለ ወርቅ ማን ይጠይቃል? እኔ የራሴን አድርጌአለሁ፤ ሁለት ደርቤ ብወርድ ያስታውቅብኛል። አንቺ ገና ሙሽራ ነሽ። ቢጠይቁሽም የሠርጌ ነው በይ።"

"እትዬ፣ ብንናገር እኮ ቀረጡን ተቀብለው ይለቁናል ብሏል ሰውየው።"

"ሰውየው የሚለውን ሰምቻለሁ። እኔ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እጅ ላይ ወርቅ አላስቀምጥም።"

"የእኔ ነገር ደግሞ... ቪዛዬ ገና ነው። አንድ ነገር ቢሆን ፋይሌ ላይ..."

"ቪዛሽን ማን አመጣው?"

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እንዲያውም ዝቅ ነው ያደረጉት። አምለሰት መስተዋቱ ውስጥ የራሷን አንገት አየች፣ ከኋላዋ ያለውን የእትዬን ፊት አየች፣ "እሺ" አለች።

ካቢኗ ስትመለስ መክብብ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ የሦስቱንም የመግቢያ ካርድ እየሞላ ነበር። ቀና ሲል ሐብሉን አየ። ምንም አልጠየቀም። ያውቅ ነበር ማለት ነው። አንገቷ ላይ ካለው ወርቅ ይልቅ ይህ ነው የከበዳት።

"አንድ ጠዋት ነው" አላት። "ከመርከቡ እስከ መኪናችን ድረስ። ሰው በሺህ ነው የሚወርደው፤ አንቺን ማን ለይቶ ያይሻል?"

"መክብብ፣ መዋሸት አልፈልግም።"

"ማን ጠየቀሽና ትዋሺያለሽ? ካልጠየቁሽ አልዋሸሽም።"

"ካርዱስ?"

መክብብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። "እሷ ባትኖር እኔ የለሁም፣ አምሊ። ስንት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥባ ነው ያስተማረችኝ። አንድ ነገር ለምና አታውቅም። አሁን አንድ ነገር ለመነችን።"

ከዚያ ካርዱን አስጠጋላት። ከዘጠኝ መቶ ዶላር በላይ የሆነ ዕቃ ይዘሃል ወይ የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት "አይ" ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ፊርማው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ፈረመች።

ጠዋት መርከቡ ስቴሽን ፒር የሚባለው ወደብ ላይ ተጠግቶ ሲነሡ የከተማው ፎቆች በጭጋግ ውስጥ ይታዩ ነበር። ቁርስ ላይ እትዬ እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። "ጌታ ሆይ፣ መግባታችንን ባርክ" አሉ። መክብብ "አሜን" አለ። አምለሰት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ፊቷ ያለውን ፖም አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ትታው ከተነሣች በኋላ ሳታስበው ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው እንደ ሆነ ተጠራጠረች፤ ቦርሳዋን ከፍታ አየች። አልነበረም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ከፍታ አየች።

የተሳፋሪው ሻንጣ በቀለም ምልክት ተለይቶ ወደቡ አዳራሽ ውስጥ ተደርድሯል። የእነሱ ምልክት ቢጫ ነበር። "ቢጫዎች" ተብሎ ሲጠራ ወረዱ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ፤ የሻንጣ ጎማ ድምፅ ይጮህበታል። ሻንጣቸውን ይዘው ሰልፍ ያዙ። አንድ የቦርደር ፎርስ (የድንበር ጥበቃ) ሠራተኛ አነፍናፊ ውሻ ይዞ በሰልፉ መካከል ያልፋል። ውሻው አምለሰት እግር ሥር ሲደርስ ትንፋሿን ያዘች። ውሻ ወርቅ እንደማያሸት ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ያዘችው።

ሸሚዟን እስከ ላይ ቆልፋ ነበር የወረደችው። ሙቀቱ ግን አንገቷ ሥር ላብ አወረደ፤ ሐብሉም ቆዳዋ ላይ ተጣበቀ። እትዬ ዞር ብለው አይተዋት፣ "የላይኛዋን ቁልፍ ክፈቻት" አሉ በቀስታ። "መደበቅሽ ነው የሚያስታውቅብሽ።" ከፈተች።

ከፊታቸው የነበረ አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰው ወደ ጎን ተጠርቶ ሻንጣው ተከፈተ። ውስጡ ሙሉ የሲጋራ ካርቶን ነበር። "ሃምሳ አልነበር እንዴ የሚፈቀደው?" ይላል ሰውየው። ሠራተኛው ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ እንደ ተቀየረ፣ ሃምሳም ቢሆን ይህ እጅግ እንደሚበልጥ በትዕግሥት ያስረዳዋል። ሰውየው ካርዱ ላይ "አይ" ብሎ መፈረሙን ሲያሳየው አጎንብሶ ካርዱን አየ። ጆሮው ቀላ። ሚስቱ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ወለሉን ታያለች። አምለሰት ያቺን ሴት እያየች ቆየች።

እትዬ ቀድመው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ካርዳቸውን ሰጡ፤ አንድ ሁለት ጥያቄ ተጠየቁ፤ አለፉ። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ትንሽ ሄደው፣ መውጫው በር አጠገብ ዞር ብለው ቆሙ። ከዚያ ሆነው ያዩዋታል።

ተራው የመክብብና የአምለሰት ሆነ። ባልና ሚስት ስለሆኑ አብረው ቀረቡ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የመክብብን ካርድ ተቀብላ አየች። ከዚያ እጇን ወደ አምለሰት ዘረጋች፤ ዐይኗም ከእጇ ጋር አብሮ መጣና አንገቷ ላይ አረፈ።

"የሚያምር ሐብል ነው" አለች። "ከአገርሽ ነው?"

ምናልባት እንዲሁ ጨዋታ ነበር። ረጅም ቀን የሚጠብቀው ሰው ለማለት ብሎ የሚለው ነገር። አምለሰት ግን ይህን ማሰብ አልቻለችም። አንዲት ቃል ብቻ ናት የሚፈለግባት፤ ከዚያ በሩ አለ፣ መኪናው አለ፣ ቤቷ አለ። መክብብ ክርኗን ጨበጥ አደረጋት። ሠራተኛዋ ካርዱን ጫፉን ይዛለች፤ አምለሰት ግን አልለቀቀችውም። ሁለቱ ለአፍታ ካርዱን ከሁለት በኩል ይዘው ቆዩ።

"ይህን ካርድ ከመስጠቴ በፊት ላስተካክለው" አለች አምለሰት።

የራሷ ድምፅ ከሩቅ የመጣ መሰላት።

"ምኑን?"

"'አይ' ያልኩት ትክክል አይደለም። ሐብሉ የተገዛው መርከቡ ላይ ነው። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነው። ከተፈቀደው በላይ ያወጣል።"

መክብብ ክርኗን ለቀቀ። ሠራተኛዋ መነጽሯን አደረገች። አሁን የምታየው አንገቷን ሳይሆን ፊቷን ነው።

"ማነው የገዛው?"

አምለሰት ወደ በሩ ላለማየት አንገቷን አደነደነች። "እኔ ነኝ አድርጌው የወረድኩት። የሚከፈለውን እኔ እከፍላለሁ።"

"ደረሰኝ አለሽ?"

"የለኝም።"

ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ ሰጠቻትና ወደ ጎን ወዳለው ረጅም ጠረጴዛ ወሰደቻት። አምለሰት በዚያው ቆማ እንደገና ሞላች። ከዚያ ሐብሉን እንድታወልቀው ተጠየቀች፤ ማያያዣውን ማግኘት አቃታት፤ መክብብ ከኋላዋ ቆሞ ፈታላት። ጣቶቹ በረዶ ነበሩ። ሠራተኛዋ ወርቁን በትንሽ ሳህን ላይ አድርጋ፣ "ዋጋውን ማጣራት፣ መመዘንም አለብን። እዚህ ጠብቂኝ" ብላ ወደ ውስጥ በር ገባች።

አምለሰት ያኔ ነው ቀና ያለችው። እትዬ ከመውጫው አጠገብ አሁንም ቆመዋል። ሳህኑ በሩ ውስጥ ሲገባ አይተዋል። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቁጣ ቢሆን አምለሰት ታውቀው ነበር። ቁጣ አይደለም። ከዚያ እትዬ ሻንጣቸውን ይዘው ዞሩ፤ በሩ ተከፈተ፤ ወጡ።

"ጥለውን ሄዱ" አለች አምለሰት።

መክብብ ግድግዳው ሥር ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ቆማ ቀረች። በዚያች ሰዓት ያሰበችው ስለ ቪዛዋ አልነበረም። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምትሄድ ነው ያሰበችው። በዚህ አገር ከእትዬ ቤት ሌላ የምታውቀው በር አልነበራትም።

በአዳራሹ ያለው ሰው እየሳሳ ሄደ። ሲጋራው የተያዘበት ሽማግሌ ከፍሎ ይሁን ጥሎ ሄዷል። ሠራተኛዋ አልተመለሰችም። ድንገት ከመውጫው በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ። አንድ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ፣ "የወጣ ሰው መመለስ አይችልም" ይላል። የሚመልሱለት እትዬ ማንተግቦሽ ናቸው።

"ልጄ እዚያ ውስጥ ናት" ይላሉ በእንግሊዝኛ። "ደረሰኙ እኔ ጋ ነው። ብትፈልግ እሰረኝ።"

ሌላ አለቃ መጣ፤ ተነጋገሩ፤ ደረሰኙ ታየ፤ እሱ ራሱ ይዟቸው ገባ። እትዬ አምለሰትን አላዩአትም። ጠረጴዛው ጋ መጥተው ደረሰኙን አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ላዩ ላይ ጫኑ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"እናቴ" አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም ነበር። "እናቴ ወርቋን ልብሴ ውስጥ ሰፍታልኝ ነው በመተማ የወጣሁት። ድንበሩ ላይ የታጠቁ ሰዎች ያዙን። ፈትሸው አገኙት። 'ተመዝኖ ይመለስልሻል' አሉኝ። እስከ ማታ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አብረውኝ የነበሩት ጎትተው ነው ያስነሡኝ።"

መክብብ ከወንበሩ ተነሣ። ይህን ታሪክ እሱም ሰምቶት አያውቅም ነበር።

"እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ተሰረቅኩ ብዬ? አሁን ይሄው ሊመዝኑ ነው ብለው ወሰዱት።"

የውስጡ በር ተከፈተና ሠራተኛዋ ሳህኑን ይዛ ወጣች። እትዬ ዐይናቸውን ከሳህኑ ላይ አልነቀሉም። ሴትየዋ ደረሰኙን አየች፣ እትዬን አየች፣ አምለሰትን አየች። ሁሉም ነገር የገባት መሰለ።

"የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው" አሉ እትዬ። "እሷ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ አንገቷ ላይ ያሠርኩባት። አልፈለገችም ነበር።"

ሠራተኛዋ በማይጮህ ግን በማያሻማ ድምፅ ተናገረች። አንድ ሰው የሌላውን ዕቃ የራሱ አስመስሎ ቢያልፍ ምን እንደሚከተል፣ በተለይ ቪዛው ጊዜያዊ ለሆነ ሰው ምን ሊመጣ እንደሚችል ነገረቻቸው። "ይቺ ልጅ ካርዷን ከመስጠቷ በፊት ተናገረች" አለች። "ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቀረጡ ብቻ ነው። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሁኔታ፣ እንዲህ ላይሆን ይችላል። ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል።"

ሒሳቡ ተሠራ። እትዬ ሲፈሩት ከኖሩት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር፤ ከፈሉ። ሠራተኛዋ የተከፈለበትን ወረቀት ሰጠቻቸው። ቀጥሎም ሐብሉን ከሳህኑ አንሥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። እትዬ ወዲያው አልተቀበሏትም። እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

"ይውሰዱት" አለች ሴትየዋ። "የእርስዎ ነው።"

መኪናቸውን መክብብ ይነዳል፤ አምለሰት ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እትዬ ከኋላ ናቸው። ዌስት ጌት ድልድይ ላይ ሲወጡ አምለሰት በጎን መስተዋቱ አየቻቸው። ሐብሉን መዳፋቸው ውስጥ ሸፍነው፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ነበር።

"መልሰው ሰጡኝ እኮ" አሉ። ዌስት ፉትስክሬይ ሲወርዱም "ደህና ዋሉ" ያሉት ለሁለቱም ነው፤ ፊታቸውን ግን ወደ መክብብ አድርገው።

ቤታቸው ሲገቡ መክብብ ሻንጣውን ሳሎን ላይ ጥሎ ቆመ።

"ቢያንስ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር? እዚያ ሰው ፊት..."

"ነግሬህ ነበር" አለችው። "መዋሸት አልፈልግም አልኩህ። አንተ ካርዱን አስጠጋህልኝ።"

ለሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ቤት ውስጥ እየተጠነቃቀቁ ኖሩ። አንድ እሑድ ጠዋት ግን፣ እሷ ልብስ ስታጥፍ መክብብ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ምልክቱን ያደረገው የእሱ እጅ እንደ ነበር፣ ያን ቀን ብትያዝ ኖሮ እሷ ብቻ እንደምትጠየቅ፣ ይህንንም እንቅልፍ ካጣበት ጊዜ ጀምሮ ሲያስበው እንደ ከረመ ነገራት። ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ይቅር አለችው። ካርድ ሲሞላ ግን ከዚያ ወዲህ የራሷን ራሷ ነው የምትሞላው።

እትዬ እስከ ሀሴት ሠርግ ድረስ አልደወሉም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ጉንጯን ይስማሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ይዞራሉ። አምለሰት ለምን እንደ ተመለሱ ብዙ ጊዜ አሰበችበት። ወርቁ ከዐይናቸው ሲጠፋ አላስችል ብሏቸው ነው? ወይስ እሷን እዚያ ብቻዋን ትቶ መሄዱ? "ልጄ እዚያ ውስጥ ናት" ያሉት በሩን ለማስከፈት ነው ወይስ ከልባቸው? ደፍራ አልጠየቀችም። እሳቸውም አልነገሯትም።

በሀሴት ሠርግ ቀን ሐብሉ በሙሽራዋ አንገት ላይ ዋለ። እትዬ ፎቶ ሲነሡ አምለሰትን በዐይናቸው ፈልገው፣ "አንቺ ደግሞ ምን ታደርጊያለሽ እዚያ? ነይ ቁሚ" ብለው ከጎናቸው አስጠጓት። በማግስቱ ደወሉ፤ ስለ ተረፈው ምግብ ነበር የደወሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ የቅዳሜው መንገድ ተከፈተ። እንደ ድሮው ግን አልሆነም። እትዬ አሁን ሲያዟት መጀመሪያ ዐይኗን ያያሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ቋሚ ቪዛዋ መጣ። ፈተናዋንም አልፋ፣ ፋብሪካውን ትታ፣ ደም የሚመረመርበት ቤት ገባች። ያን ዓመት እትዬ አዲስ አበባ ደርሰው ተመለሱ። መክብብና አምለሰት ሊቀበሏቸው ቱላማሪን አየር ማረፊያ ሄዱ። አውሮፕላኑ ካረፈ ቆይቷል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ አልቋል፤ እትዬ የሉም። መክብብ እየተንቆራጠጠ ይመላለሳል። በመጨረሻ ጋሪያቸውን እየገፉ፣ ነጠላቸው ተንሸራቶ፣ ግን ፊታቸው በርቶ ብቅ አሉ። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የተሰጣቸውን ቀሚስ ሁሉ፣ ከዚሁ ይዘውት የሄዱትን የጆሮ ጌጥ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እያወጡ አሳውቀው ነው የቆዩት።

"የጆሮ ጌጡን እንኳ ተዉት ብለውኝ ነበር" አሉ። "አይ፣ እዩልኝ አልኳቸው። አዩት፤ መልሰው ሰጡኝ።"

አምለሰት ጋሪውን ተቀብላቸው ወደ መኪና ማቆሚያው መግፋት ጀመረች።